ልጃችን የሚጠይቀው ማንን ነው?



ማታ ልጃችሁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ከኮምፒዩተሩ ወይም ከስልኩ ፊት ተቀምጦ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ግማሹን በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ሲያወራ ስትሰሙ «ይጫወታል» ብላችሁ ታልፋላችሁ። እውነት ነው፤ ይጫወታል። ነገር ግን የሚያወራው ከማን ጋር ነው?

ድሮ የኮምፒዩተር ጨዋታ ልጁና ማሽኑ ብቻቸውን የሚታገሉበት ነገር ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ፎርትናይት፣ ሮብሎክስ፣ ማይንክራፍት የሚባሉት ጨዋታዎች እንደ ገበያ ቀን ናቸው፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ይሰበሰብባቸዋል። በመርካዝ ክሊታ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የ12 ዓመት ልጅ በአንድ ምሽት ከሩሲያ፣ ከብራዚልና ከአሜሪካ ሰዎች ጋር ተሰልፎ ይዋጋል፣ ቤት ይሠራል፣ ይሮጣል። እየተጫወተ ያወራል፤ እያወራም ይጠይቃል።

የሚጠይቀውም «ይህን በር እንዴት ልክፈተው?» የሚለውን ብቻ አይደለም። ሴት ልጅ እንዲህ ማድረግ ትችላለች ወይ? ወንድ ልጅ ካለቀሰ ወንድ አይደለም ወይ? እግዚአብሔር በእውነት ጸሎት ይሰማል ወይ? እኛ ኢትዮጵያውያን እንደ ሌላው አይሁድ ነን ወይስ አይደለንም? ይህ ነገር ለምን ተከለከለ? እነዚህ ትልልቅ ጥያቄዎች ናቸው። በጎንደር መንደሮች ልጁ ቢደፍር ለአያቱ፣ ለቄሱ፣ ለእናቱ እህት ያቀርባቸው ነበር። አሁን የሚያቀርባቸው ፊቱን ላላየው፣ እውነተኛ ስሙን ለማያውቀው ሰው ነው።

ልጅ ለምን የማያውቀውን ሰው ይጠይቃል የሚል ወላጅ ካለ መልሱ ሩቅ አይደለም። የማያውቀው ሰው አይቆጣውም፤ ለአባቱም አይናገርበትም። በእኛ ልማድ ልጅ በታላላቆች ፊት አንገቱን ደፋ አድርጎ ይቀመጣል እንጂ አፉ ላይ የመጣለትን ሁሉ አይጠይቅም። ይህ ጨዋነት ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። እዚህ አገር ትምህርት ቤት ግን ልጁ «ጠይቅ፣ ተከራከር» እየተባለ ይማራል። ቀን እንዲጠይቅ ይበረታታል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ጥያቄውን ይውጠዋል። የዋጠውን ጥያቄ በኋላ ጨዋታው ውስጥ ያወጣዋል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸኛው ያማል። ከቢቱዋህ ሌኡሚ የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው ልጁ ነው። በኩፓት ሆሊም በሐኪሙ ፊት የእናቱን ሕመም የሚያስረዳው እሱ ነው። ባንክ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሱቅ አብሮ የሚሄደው እሱ ነው። ልጅ ለወላጁ አስተርጓሚ ሆኖ ሲሰነብት ቀስ በቀስ «አባዬ ይህን አገር አያውቀውም» ወደ ማለት ይደርሳል። ከዚያም አልፎ፣ የዕብራይስጥ ፊደል የማያነብ አባት ስለ ሕይወትም የሚያውቀው ነገር የሌለ ይመስለዋል። ብዙ ወላጆችም ይህን ተቀብለው ዝም ይላሉ። ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው።

ከሩቅ ሰው መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም

የማያውቁትን ሰው መጠየቅ በራሱ ክፉ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። እንዲያውም የቤተ እስራኤል ታሪክ ከሩቅ ሰው በተጠየቀ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

በ16ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የአይሁድ ማኅበር መሪ የነበሩት ረቢ ዳዊድ ቤን ዚምራ፣ በአጭሩ ራድባዝ እየተባሉ የሚጠሩት ሊቅ፣ ከኢትዮጵያ ተማርካ ስለ ወጣች አንዲት ሴት ጥያቄ ቀረበላቸው። ይህች ሴት በሕጉ ፊት ማን ናት? ራድባዝም መልሳቸውን በጽሑፍ ሰጡ፤ እነዚህ ሰዎች ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው አሉ። ጽሑፉ በመጻሕፍት መካከል ተቀምጦ አራት መቶ ዓመት ቆየ። በ1973 የስፋራዲም ዋና ረቢ የነበሩት ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ ስለ ቤተ እስራኤል ውሳኔ ሲሰጡ ከተደገፉባቸው ምስክሮች አንዱ ይኸው የራድባዝ መልስ ነበር። በ1975 ደግሞ የመመለስ ሕግ ለቤተ እስራኤል እንዲሠራ መንግሥት ተቀበለ። ዛሬ በእስራኤል የተቀመጥነው ብዙዎቻችን ወይም ዘመዶቻችን የመጣነው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ ራድባዝ ለጠያቂያቸው ሩቅ ሰው ከነበሩ፣ ልጃችን ጨዋታ ውስጥ ከሚጠይቀው ሰው በምን ይለያሉ? በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ስማቸውን አኑረው መለሱ። ማን እንደሆኑ፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተነሡ፣ ለምን እንዲህ እንደወሰኑ ታውቋል። ከእሳቸው በኋላ የመጣ ሊቅ መልሱን አንብቦ ሊደግፈው ወይም ሊከራከረው ይችላል። ቢሳሳቱ ስሕተቱ የሚጻፈው በስማቸው ነው። በአይሁድ ዘንድ «ሼኤሎት ኡትሹቮት» ማለትም ጥያቄና መልስ የሚባለው ጽሑፍ ሁሉ እንደዚህ ነው። ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ይህን የዘመናት ጽሑፍ ሰብስቦ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቶታል፤ ሥራው የተጀመረው በ1960ዎቹ ሲሆን በ2007 የእስራኤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ዛሬም ብዙ ረቢዎች ከወጣቶች የሚመጣላቸውን ጥያቄ በኢንተርኔትና በስልክ መልእክት ይመልሳሉ። ጠያቂው ስሙን ሊሰውር ይችላል፤ መላሹ ግን ስሙን ይጽፋል።

ጨዋታ ውስጥ ግን ሁለቱም ስም የላቸውም። «ጥቁር ተኩላ 77» ብሎ ራሱን የሰየመ ሰው ለልጃችሁ ስለ እግዚአብሔር ሲነግረው፣ ነገ ተመልሶ «አንተ ነህ ያሳሳትኸኝ» የሚለው ማንም የለም።

ከመጋረጃው ጀርባ ያለው

በ1950 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ የሚገልጹት ጨዋታ ለእኛ ጉዳይ በጣም ይስማማል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሌላ ክፍል ይቀመጣሉ። ጠያቂው አያያቸውም፤ ድምፃቸውንም አይሰማም። በጽሑፍ ብቻ እየጠየቀ የትኛው ወንድ፣ የትኛዋ ሴት እንደሆነች መለየት አለበት። ወንዱ ጠያቂውን ለማሳሳት ይሞክራል። ቱሪንግ ይህን ካስረዱ በኋላ በወንዱ ቦታ ማሽን ቢቀመጥስ ብለው ጠየቁ። ጽሑፉ ዛሬ የሚታወቀው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ግን በየቀኑ በየልጆቻችን ክፍል ውስጥ ይካሄዳል።

ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱበት፣ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ተሠራ፤ የጀመሩት ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል ናቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በእንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ወንዱ ሴት፣ ሴቷ ወንድ፣ ሽማግሌው ልጅ ሆኖ መግባት የተለመደ ሆነ። ሁሉም ለክፋት አይደለም። ብዙው ሰው የሚያደርገው ለጨዋታ ነው፤ ዓይን አፋር ልጅም በሌላ ስም ሲገባ ሳይፈራ ይናገራል። ወንድ ልጃችሁ የሴት ምስል መርጦ ሲጫወት ብታዩት አትደንግጡ፤ የምስሉ ልብስ ስላማረው ብቻ ሊሆን ይችላል። በ1986 በጃፓን የወጣ ሜትሮይድ የሚባል ጨዋታ ነበር፤ ተጫዋቹ በብረት ልብስ የተሸፈነውን ጀግና ወንድ ነው ብሎ ሲዋጋ ይቆይና በፍጥነት ከጨረሰ በመጨረሻ ጀግናው ሴት ሆና ትገለጣለች። ልጆች በዚህ በጣም ተደነቁ እንጂ ማንም አልተጎዳም።

የሚጎዳው ሌላው ነው። የ40 ዓመት ሰው «እኔም 13 ዓመቴ ነው» ብሎ ሲገባ ነው። ይህን በድምፁም ቢሆን መለየት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ድምፅን የሚለውጥ መሣሪያ አለና። ከኖቬምበር 2022 ወዲህ ደግሞ፣ ቻትጂፒቲ የሚባለው ከወጣ ጀምሮ፣ ልጆች ጥያቄያቸውን ለማሽን ማቅረብ ለምደዋል። ማሽኑ አይደክምም፣ አይቆጣም፣ በአማርኛም ይመልሳል። ነገር ግን በእርግጠኛ ቃል የተሳሳተ ነገር መናገር ይችላል፤ ልጁንም አያውቀውም። የጎረቤት ልጅ ሲጨነቅ ፊቱን አይተን «ምን ሆነሃል?» የምንለውን ማሽኑ አይልም።

እናትና ልጅ

በጎንደር አካባቢ በብዙ የቤተ እስራኤል መንደሮች ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ከቤት ወጥተው በመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ይቀመጡ ነበር። ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትለይ ነበር፤ በኦሪት እንደተጻፈው። ስለዚህ ልማድ ሴቶች ዛሬ የተለያየ ነገር ይናገራሉ። አንዳንዷ ከባድ ነበር ትላለች፤ ሌላዋ ከሥራ የማርፍበት፣ ከጓደኞቼ ጋር የማወራበት ጊዜ ነበር ትላለች። እዚህ ላይ ልናገር የምፈልገው ግን ስለ ጎጆው ንጽሕና ሕግ አይደለም። ጎጆው ትምህርት ቤትም ነበር። ወጣቷ እዚያ ከትልልቅ ሴቶች ጋር ስትቀመጥ ስለ ሰውነቷ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ወሊድ ትሰማ ነበር። ማንም ክፍል ከፍቶ አላስተማራትም፤ አብራ በመቀመጧ ብቻ ተማረች።

ወደ እስራኤል ስንመጣ ጎጆው ቀረ። እሱ ሲቀር እዚያ ይካሄድ የነበረው ወሬ የት ሄደ? በብዙ ቤት የትም አልሄደም፤ ተቋረጠ። እናት ልጄ በትምህርት ቤት ትማራለች ትላለች፤ ትምህርት ቤቱ በቤቷ ይነገራታል ይላል። የ11 ዓመቷ ልጅ በመካከል ትቀራለች። ከዚያ ስልኳን ታነሣና «ይህ የሆነብኝ እኔ ብቻ ነኝ ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። የሚመልስላት ደግ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የምትጠይቅ ልጅ ዕድሜዋን ራሷ እንደምትናገር የሚያውቅ ወንድም ሊሆን ይችላል።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ለመናገር ዕብራይስጥ አያስፈልጋችሁም። በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፋችሁ፣ ዓይኗን ሳታዩ ብትነግሯት ትሰማችኋለች። እናንተ ካፈራችሁ አክስት ትንገራት። የትምህርት ቤቱ ዮኤጼት ወይም ነርሷም ትረዳለች፤ በብዙ ቦታ ደግሞ አማርኛ የሚናገሩ መጋሽሪም አሉ።

ሴቶች ልጆች ጨዋታው ውስጥም የራሳቸው መከራ አለባቸው። ድምፃቸው ሴት መሆኑ ሲታወቅ የሚሰደቡ፣ «ወደ ወጥ ቤትሽ» የሚባሉ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ድምፃቸውን ዘግተው ወይም የወንድ ስም ይዘው ይጫወታሉ። ይህ የልጆች ብልግና ብቻ አይደለም። በ2014 በአሜሪካ ስለ ሴቶች አሳሳል በጨዋታዎች ውስጥ ትችት የምታቀርብ አኒታ ሳርኪሲያን የምትባል ሴት በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልትናገር ስትል የጅምላ ግድያ ዛቻ ስለ መጣ ንግግሯን ሰርዛለች። ጉዳዩ ስለ ጨዋታ ነበር፤ ዛቻው ግን ስለ ነፍስ።

ወንዶች ልጆቻችን ያላንዳች ችግር ናቸው ማለትም አይደለም። አባቱ ሥራ አጥቶ ወይም በሌሊት ሥራ ተይዞ ሲቸገር የሚያይ ልጅ፣ «ወንድ ማለት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በኢንተርኔት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ሴትን የሚንቅ፣ ገንዘብና ጡንቻ ብቻ የሚያመልክ መልስ ነው። ነፃ ይመስላል፤ በኋላ ግን ያስከፍላል።

ስለ እምነት ሲጠይቅ

አዲስ የመጣ ልጅ ጨዋታው ውስጥ «ከየት ነህ?» ሲባል «ከእስራኤል» ይላል። ይህ ብቻ ለስድብ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ከኢትዮጵያ መምጣቱ ሲጨመርበት ደግሞ ከሁለት ወገን ይመታል፤ አንዱ አይሁድ ነህ ብሎ ይሰድበዋል፣ ሌላው፣ አንዳንዴም እዚሁ አገር ያለ ልጅ፣ አይሁድ አይደለህም ይለዋል። ቤተሰቡ በጊዩር ትምህርት ላይ ከሆነ ቁስሉ የባሰ ነው፤ እናትና አባቱ በየሳምንቱ ክፍል ገብተው የሚማሩትን ነገር አንድ ስም የለሽ ሰው በአንድ መስመር ያጣጥልበታል።

እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ወላጁ የሚመጣው ወላጁ የሚነግረው ታሪክ እንዳለው ካወቀ ነው። ራድባዝን ከላይ ያነሣሁትም ለዚህ ነው፤ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ቄሶች ስለ ሰንበት ምን ያደርጉ እንደነበር፣ በአምቦበር ወይም በወገራ ተራራ ላይ ስግድ እንዴት ይከበር እንደነበር፣ አያታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ፊቱን አዙሮ ምን ይል እንደነበር ንገሯቸው። ስግድ በ2008 በክኔሴት ሕግ ወጥቶለት የአገር በዓል ሆኗል፤ ቀኑ ኼሽቫን 29 ነው። ልጁ ይህን ከእናንተ አፍ ቢሰማው ጨዋታ ውስጥ የሚመልሰው አያጣም። ባይመልስም ግድ የለም፤ ከሚሰድብ ሰው ጋር መከራከር አይገባውም፤ ማገድ የሚባል ቁልፍ አለ፤ እሱን ይጫን።

«የሰማይ አምላክ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ብዙ አባቶች ይቆጣሉ። ቁጣው ይገባኛል። ነገር ግን የጠየቀ ልጅ የካደ ልጅ አይደለም። አብርሃምም ስለ ሰዶም ከፈጣሪው ጋር ተከራክሯል። ወላጁ መልሱን ካላወቀ «ቄሱን አብረን እንጠይቅ» ማለት ይችላል። ይህ ቃል ለልጁ ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ ጥያቄው እንደተከበረለት፣ የሚጠየቅ ሰውም በአካባቢው እንዳለ።

ሁሉን ብንዘጋውስ?

አንዳንድ ወላጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ ስልኩን ነጥቆ መደበቅ ያምረዋል። ከእኛ የበለጠ አቅም ያላቸው መንግሥታት ይህን ሞክረዋል፤ የደረሰባቸውን ማየት ይጠቅማል።

ደቡብ ኮሪያ በ2011 ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ልጆቹ በወላጆቻቸው መታወቂያ ቁጥር እየገቡ ይጫወቱ ጀመር። በ2021 ሕጉ እንዲሻር ተወሰነ። ቻይና በዚያው በ2021 ይበልጥ አጠበቀች፤ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚጫወተው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓላት ቀን፣ ያውም በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን አዘዘች። (ዓርብ ማታ በቻይና ጨዋታው ሲከፈት በእኛ ቤት ሰንበት ይገባል። ሰንበትን የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለ አንዳች የመንግሥት ትእዛዝ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ስክሪን አጥፍቶ ሲኖር ኖሯል፤ ይህን ስጦታ በቀላሉ አንልቀቀው።)

ጀርመን ደግሞ ሌላ ነገር ከለከለች። የናዚ ምልክት ያለበት ጨዋታ በአገሯ እንዳይሸጥ ለብዙ ዓመታት አገደች። ምክንያቱ ለእኛ ለአይሁድ ግልጽ ነው። ሆኖም ውጤቱ አንዳንዴ የሚያስቅ ነበር፤ ናዚዎችን መዋጋትን በሚያሳየው ቮልፈንሽታይን በሚባል ጨዋታ በ2017 በወጣው የጀርመን ቅጂ ሂትለር ራሱ ጢሙ ተላጭቶ ታየ። ክፉውን ለማጥፋት ሲባል የክፉው ታሪክ ጠፋ ያሉ ብዙ ተቺዎች ተነሡ። በ2018 ሕጉ ላላ፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ለየብቻው እየታየ እንዲፈቀድ ሆነ።

በእስራኤል ሕግ መሠረት የኢንተርኔት አቅራቢ ኩባንያዎች መሠረታዊ ማጣሪያ፣ በዕብራይስጥ «ሲኑን» የሚባለውን፣ ለሚጠይቅ ደንበኛ ሁሉ ያለ ክፍያ መስጠት አለባቸው። ደውላችሁ «ሲኑን ሒናም» በሉ፤ ሁለት ቃል ነው። እኔ ጠይቁ እላለሁ። ነገር ግን ማጣሪያው የሚዘጋው መጥፎ ገጽን ነው። በተፈቀደ ጨዋታ ውስጥ የሚያወራን መጥፎ ሰው አይዘጋም።

በጨዋታው ሽፋን ላይ የሚታየው የዕድሜ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የአሜሪካው ምልክት በ1994 የተጀመረ ሲሆን ሞርታል ኮምባት የሚባለው የደም ጨዋታ በአሜሪካ ምክር ቤት ከቀረበ በኋላ የመጣ ነው። የአውሮፓው በ2003 ተጀመረ፤ 3ና 7 አረንጓዴ፣ 12ና 16 ብርቱካናማ፣ 18 ቀይ ነው። ፊደል የማያነብ ወላጅ ቀለሙን አይቶ ይለያል፤ ይህ ጥሩ ነው። ቀይ 18 ያለበትን ጨዋታ ለ10 ዓመት ልጅ አትግዙ፤ ሱቁ ቢሸጥላችሁም፣ ልጁ «ሁሉም አለው» ቢልም። ሆኖም የአሜሪካው ምልክት ራሱ ተጫዋቾች እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ ያስጠነቅቃል እንጂ የሚነጋገሩትን አይመዝንም። ሮብሎክስ በ2024 ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከጨዋታው ውጭ ለሌላ ሰው በግል መልእክት እንዳይልኩ ከልክሏል። በዚያን ጊዜ ግን ልጁ ሲመዘገብ የትውልድ ዘመኑን ጨምሮ ከጻፈ ክልከላው አያገኘውም ነበር። ስለዚህ የተጻፈውን ዘመን አብራችሁ እዩ።

ምን እንጠይቀው?

ኮምፒዩተር የማያውቅ ወላጅም መጠየቅ ያውቃል። ልጅ በመንደር ከማያውቁት ሰው ጋር ሲታይ የሚጠየቀው ምን ነበር? የማን ልጅ ነው? የት ተዋወቃችሁ? ምን ሰጠህ? ምን ጠየቀህ? እነዚሁ ጥያቄዎች ዛሬም ይሠራሉ። ከልጁ ጎን ሩብ ሰዓት ተቀመጡና «ይህ ማነው? በፊቱ ታውቀዋለህ? አስተምረኝ እስቲ» በሉት። ሲያስተምራችሁ ደስ ይለዋል፤ እናንተም ማን እንዳለ ታያላችሁ። ኮምፒዩተሩን ሰው በሚያልፍበት ሳሎን ማስቀመጥም ከብዙ ቁጣ ይበልጣል።

ከጨዋታ ጓደኛነት ያለፈ ነገር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይመጣል። መጀመሪያ ያመሰግናል፤ እንደ አንተ የሚጫወት የለም ይላል። ያለ ምክንያት የጨዋታ ገንዘብ ወይም ልብስ ይሰጣል። ዕድሜውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ወላጆቹ መቼ ከቤት እንደሚወጡ ይጠይቃል። ከዚያ «እዚህ አይመችም፣ ወደ ሌላ ቦታ እንሂድ» ብሎ ወደ ዋትስአፕ ወይም ዲስኮርድ ያሻግረዋል። ፎቶ ይጠይቃል። በመጨረሻም «ለማንም እንዳትናገር» ይላል። ይህን የመጨረሻውን ቃል ልጆቻችሁ እንዲያውቁት አድርጉ፤ የሚጫወት ጓደኛ ምሥጢር አያስፈልገውም።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ወደ 105 ይደወላል። ይህ ልጆችን በኢንተርኔት ከሚደርስባቸው ጥቃት ለመጠበቅ በ2018 የተቋቋመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ ፖሊስና ሌሎች ሚኒስቴሮች በአንድነት ይሠሩበታል፤ በቀን 24 ሰዓት ይመልሳል። ልጁ ክፉኛ ከተጨነቀና የሚያናግረው ሰው ካስፈለገ የኤራን ስልክ 1201 ነው። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ፖሊስ 100 ነው።

ስትደውሉ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። የደረሰበትን ነገር በአፉ ለእናቱም ለፖሊሱም እንዲተረጉም ማድረግ ሁለተኛ ጉዳት ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ወይም በማትናሱና በትምህርት ቤቱ ያለ መጋሼር ይደውልላችሁ። መልእክቶቹን አትሰርዙ፤ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሧቸውና የሰውየውን የጨዋታ ስም እንደተጻፈ፣ ከነቁጥሩ፣ በወረቀት ላይ ገልብጡት። ስልኩንም በዚያን ሰዓት ከልጁ አትንጠቁ፤ ነግሮኝ ተቀጣሁ ካለ ሌላ ጊዜ አይነግራችሁም።